ለብሎን ነው

ባለፈው ክረምት የተከራየሁት ቤት በር አልዘጋ ብሎኝ አናጺ አስጠራሁ። ማጠፊያው ላይ ያሉት ብሎኖች ዝገው አልፈታ ሲሉት ከቦርሳው ትንሽ ጠርሙስ አወጣና ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አደረገባቸው። «ትንሽ ይጠጡ» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሽታው ወጥ ቤት ድረስ ዘለቀ፤ ነጭ ጋዝና ዝገት አንድ ላይ። ሻይ ማፍላት ጀምሬለት ነበር። ምድጃውን አጥፍቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

«ጋዝ አይስማማሽም እንዴ?» አለኝ።

«አይስማማኝም» አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ሰበታ፣ ከጅማው መንገድ ገባ ብሎ፣ ኦቦ ቶሌራ ግቢ ውስጥ ነበር። አባቴና እናቴ ከሆሳዕና ወዲያ ካለ ገጠር ሥራ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ ክር ፋብሪካ፣ እናቴ አበባ እርሻ ይሠሩ ነበር። ኦቦ ቶሌራ አከራያችን ናቸው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ረጅም፣ በጋም ክረምትም ካፖርታቸውን የማያወልቁ ሰው። አባታቸውም አያታቸውም እዚያው መሬት ላይ አርሰው የኖሩ ናቸው። በአማርኛ የጀመሩትን ወሬ በኦሮምኛ ይጨርሱታል። እኛ ቤታችን ውስጥ በሃዲይኛ እናወራለን። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሌላውን ቋንቋ ግማሽ ግማሹን ያውቅ ነበር።

ከኋላ በኩል ለኪራይ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች ነበሩ፤ በአንዱ እኛ፣ በሌላው ዳንኤል። ዳንኤል ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነው። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። እሁድ እሁድ ከእኛ ጋር ጸሎት ቤት ይሄዳል፤ እናቴ «ወንድም ዳንኤል» ነበር የምትለው። ከሥራ ሲመለስ ሲሚንቶ የበላው እጁን በቅባት እያሸ በሩ ላይ ተቀምጦ መዝሙር ያንጎራጉራል። የቦርሳዬ ማንገቻ በተበጠሰ ቁጥር በሽቦ እየጠገነ የሚመልስልኝ እሱ ነበር።

የኦቦ ቶሌራ ቤት ከውጭ ሲያዩት እንደ ማንኛውም ጭቃ ቤት ነው። ወለሉ ግን ጣውላ ነበር። በሰፈሩ ሌላ እንዲህ ያለ ወለል አልነበረም። ኦቦ ቶሌራ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ አንድ አናጺ ዘንድ ሠርተዋል፤ ሚስታቸውን አዴ ብርቄን ቁርጥማት ሲይዛቸው፣ የመሬቱ ቅዝቃዜ ነው ተብሎ፣ ከአንድ የፈረሰ መጋዘን የዝግባ ጣውላ አምጥተው በገዛ እጃቸው አነጠፉላቸው። በሚስማር አልመቱትም፤ አንድ በአንድ በብሎን አሰሩት። ሚስማር ውሎ አድሮ ብቅ ይልና የአዴ ብርቄን እግር ይወጋል ብለው ነው። እኛ ግቢው ስንገባ አዴ ብርቄ በሕይወት አልነበሩም። ወለሉ ግን ሰም እየተቀባ፣ እየተወለወለ ነበር፤ ገና በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል።

ኅዳር ላይ ሜትር የያዙ ሰዎች መጡና ቤቱን ለክተው ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግቢው ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ። «ማስተር ፕላን መጣ» ይባላል። «ማስተር ፕላን መሬቱን ሊበላው ነው» ይባላል። እኛ ትምህርት ቤት አጠገብ ቴኳንዶ የሚያሠለጥን ሰው ነበር፤ ልጆች ሁሉ ማስተር ነበር የሚሉት። ስለዚህ ማስተር ፕላን የሱ ታላቅ ወንድም መሰለኝ። ከአዲስ አበባ በኩል ነጭ ለብሶ፣ ጥቁር ቀበቶ ታጥቆ፣ በአስፋልቱ መሐል እየተራመደ የሚመጣ ሰው። ለምን ፖሊስ እንደማይዘው ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን ኦቦ ቶሌራን «መጥቶ ቢመታዎትስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «አሁንም እየመታኝ ነው፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ሰውነታቸው ላይ ቁስል ፈለግሁ፤ አላገኘሁም።

ትምህርት ቤት ተዘጋ። መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፤ አንዳንድ ቀን ጎማ ይቃጠላል፤ ከዚያ የወታደር መኪና ያልፋል፤ ከዚያ ደግሞ ጸጥ ይላል። እናቴ ሥራ ስትሄድ ከግቢ እንዳልወጣ አስጠንቅቃኝ ነበር የምትሄደው። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት ኦቦ ቶሌራ ከበራቸው ላይ ጠሩኝ።

«ታዱ፣ ኮቱ፣ ነይ። ጣትሽን አሳዪኝ።»

እጄን ዘረጋሁ። ገልበጥ እያደረጉ አዩት።

«ቀጭን ነው። ጥሩ ነው። ቤቱን ያፍርሱት፤ ወለሏን ግን አይረግጧትም።»

ተጂ ከተማ ያገባች ሴት ልጅ ነበረቻቸው። ጣውላውን ነቅለው እሷ ግቢ ውስጥ በምትቀልስላቸው ጎጆ ሊያነጥፉት ነው። ለመንቀል ብለው ግን አንድም ጣውላ እንዲሰነጠቅባቸው አይፈልጉም። ብሎኖቹ ደግሞ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀብረው የኖሩ ናቸው። አናታቸው ላይ ያለችው መስመር በሰምና በአፈር ስለተደፈነች ካቻቢቴ መቆሚያ የላትም። የእኔ ሥራ ያቺን መስመር በሾለ ሚስማር መጥረግ ነበር።

በደረቴ ተኝቼ እቆፍራለሁ። ሰሙ እንደ ጆሮ ኩክ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ የአሮጌ ሻማ ሽታ አለው። ከሥሩ ዝገቱ ሲመጣ ሽታው ይለወጣል፤ ምላስ ላይ ሳንቲም እንደማስቀመጥ ነው። ከዚያ ኦቦ ቶሌራ ከጠርሙሱ ነጭ ጋዝ ጠብ ያደርጉበታል። «ይጠጣ» ይሉና እንጠብቃለን። ብሎኖቹ ሰክረው የሚለቁ ይመስለኝ ነበር፤ እኛ ቤት መጠጥ ኃጢአት ስለሆነ ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ከጠጣ በኋላ ካቻቢቴዋን መስመሩ ላይ አቁመው አናቷን በመዶሻ አንድ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርጋሉ። ከዚያ እጄን ይይዙና አብረን እናዞራለን፤ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው፣ ጥቂት ብቻ።

«ልንፈታው አይደል እንዴ?»

«ነው። ቢሆንም መጀመሪያ አጥብቂው። ዝገቱ ሲሰበር ትሰሚዋለሽ።»

እውነትም «ቀጭ» ይላል። ያቺን ድምፅ ለመስማት ቀኑን ሙሉ ብተኛ አይሰለቸኝም ነበር። ከዚያ ወደ መፍቻው ሲዞር ብሎኑ እየተንጫጫ፣ ቀስ እያለ፣ ከእንጨቱ ቀይ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ሲወጣ ትኩስ ነው። እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ የወተት ጣሳ ውስጥ እጨምረዋለሁ።

ስቸኩል «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል። ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ጣውላው ሲነሳ ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ፊቴን ይመታኛል። አንድ ቀን ከሥር የፀጉር መርፌ አገኘሁ። ተቀብለው በካፖርታቸው ጫፍ ጠረጉትና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ያን ቀን ሥራ አልቀጠልንም። ጥፋት ያጠፋሁ መስሎኝ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

እንዲህ ሁለት ሳምንት ያህል ከሠራን በኋላ ገመቹ መጣ። ገመቹ የመጨረሻ ልጃቸው ነው፤ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበር። ኮሌጁ ተረብሾ ተማሪው ሲበተን ከዓለም ገና ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው። ወጣት የተባለ ሁሉ እየተለቀመ ስለነበር ኦቦ ቶሌራ ከግቢ እንዳይወጣ አዘዙት። ያን የሚያህል ሰው ቤት ውስጥ ተዘግቶ ምን ይሠራል? የእኔን ሥራ ሠራ።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀልደኛ ነው፤ «ኢንጂነር ታዱ» ይለኛል። ግን ፈጣን ነው። እኔ አንድ ብሎን ስጠርግ እሱ አራት ይፈታል። እንዳልበለጥ ብዬ አንድ ቀን ጋዙ ሳይጠጣ፣ መጀመሪያ ሳላጠብቅ፣ ካቻቢቴዋን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ መፍቻው አዞርኩ። ካቻቢቴዋ አመለጠችኝ። የብሎኑ አናት ተበላ፤ መስመሩ ጠፍቶ ልሙጥ ሆነ። ደግሜ ሞከርኩ፤ ባሰበት። ገመቹ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ መሐሉ አድርጎ ሞከረ፤ እምቢ አለ።

«ይሄን ከታች ነው የምንይዘው» አለ። ቤቱ ተዳፋት ላይ ስለሆነ በጓሮ በኩል ከወለሉ ሥር ሰው ተኝቶ የሚገባበት ክፍተት አለ። ወለሉን የተሸከሙት እንጨቶች ቀጫጭን ስለነበሩ የረጃጅሞቹ ብሎኖች ጫፍ ከታች ብቅ ይላል። በጀርባው ተኝቶ ገባና ጫፉን በፒንሳ ይዞ ከሥር አዞረው። ወጣ። ከዚያ ወዲያ እምቢተኛ ብሎን ሁሉ በዚያ መንገድ ሆነ። ገመቹ ቀኑን ሙሉ ከወለሉ ሥር ይውላል፤ አባቱ ከላይ ይስባሉ፣ እሱ ከታች ያዞራል፣ በኦሮምኛ እየተጯጯሁ ይስቃሉ። ካቻቢቴዋን ከእጄ ሲወስድ እንዲህ አለኝ፦

«አንቺ አሁን ጋዝ ብቻ አምጪ።»

ክፉ አስቦ አልነበረም። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ጋዝ የምንገዛው መንገዱ ዳር ካለ ሱቅ ነው። በማግስቱ ከሰዓት ጠርሙሱን አስሞልቼ ስወጣ የቀበሌው ሚሊሻ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁሉም ያውቀዋል፤ ከልጆች ጋር ኳስ የሚመታ ሰው ነበር።

«ይሄ ሁሉ ነጭ ጋዝ ምን ሊሆን ነው? ምን ልታቃጥሉ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«ለብሎን ነው።»

«ለምን?»

«ለብሎን። የኦቦ ቶሌራ ወለል ብሎን አልፈታ ብሎ ነው።»

ባለሱቁን አየና ሁለቱም ሳቁ። «በዚህ ዘመን ለብሎን!» አለ። ሳቁ አናደደኝ። የእኔ ሥራ፣ ሁለት ሳምንት በደረቴ የተኛሁበት ሥራ፣ ውሸት መሰላቸው።

«እውነቴን ነው! ገመቹን ጠይቁት። እሱ ወለሉ ሥር ነው ያለው።»

«ገመቹ መጥቷል?»

«መጥቷል። ቀኑን ሙሉ ወለል ሥር ነው የሚውለው። እኔን እንኳ ከልክሎኛል።»

ሚሊሻው መሳቅ አቆመ። ጎንበስ ብሎ «በየት በኩል ነው የሚገባው?» አለኝ። ያመነኝ መስሎኝ ደስ አለኝ። «በጓሮ» አልኩት። ጠርሙሱን ለመያዝ የከበደኝ መስሎት ይሁን እንጃ፣ እስከ ግቢያችን በር ድረስ ይዞልኝ መጣ።

በማግስቱ ጠዋት መጡ፤ አራት ናቸው፤ አንዱ ሚሊሻው ነው፤ ሦስቱን አላውቃቸውም። በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው የሄዱት። ገመቹ ሥራ ላይ ነበር፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። በእግሩ ጎትተው አወጡት። ፒንሳውን እንደያዘ ወጣ፤ ሸሚዙ ወደ ላይ ተሰብስቦ ጀርባው ደምቶ። ከሥር የተደበቀ ነገር አለ ብለው በዲጂኖ ያልፈታነውን ጣውላ እየፈነቀሉ ሰባበሩት። ዝግባ ሲሰነጠቅ እንዴት እንደሚጮህ ያን ቀን ሰማሁ። ከሥር አፈርና የሸረሪት ድር እንጂ ምንም አልነበረም። የጋዙን ጠርሙስ አገኙ።

«ይሄስ?» አሉ።

«ለብሎን ነው» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

እኔ የተናገርኩትን ቃል፣ ልክ እኔ እንዳልኩት። ማንም አላመናቸውም። ጠርሙሱንም ገመቹንም ይዘው ሄዱ። ኦቦ ቶሌራ በካልሲያቸው እስከ አስፋልቱ ተከተሏቸው።

እናቴ ከሥራ እንደገባች ሁሉንም ነገርኳት። እግሯን እየታጠበች ነበር። ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ።

«ሌላ ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«እንዳትናገሪ። ለአባትሽም እንዳትናገሪ። ይሰማሻል? የሰው አገር ነው ያለነው፣ ታደለች። በዚህ ጊዜ ከዚህ ከወጣን ማን ያስገባናል?» ከዚያ ለቀቀችኝና ክንዴን ማሸት ጀመረች። «ልጅ ነሽ፤ አላወቅሽም፤ ግን አፍሽን ዝጊ» አለች። ሙሉ ስሜን የምትጠራኝ ሲጨንቃት ነበር።

ሳምንት ሳይሞላ ሰው መናገር ጀመረ። ማን ጠቆመ? እንዴት በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄዱ? ከግቢው ውጭ ያ ክፍተት መኖሩን ማን ያውቃል? አንዷ ጎረቤት ዳንኤልን ከሚሊሻው ጋር ቀበሌው በር ላይ ቆሞ እንዳየችው ተናገረች። እውነቷን ነው፤ መታወቂያውን ሊያሳድስ ሄዶ ነበር።

ኦቦ ቶሌራ እሁድ ከሰዓት ወደ ዳንኤል በር መጡ። እኔ ደጃችን ላይ ምስር እለቅም ነበር። እናቴ ከውስጥ ናት፤ በመሐላችን መጋረጃ ብቻ አለ።

«ዳንኤል።»

«አቤት፣ ኦቦ።»

«ልጄ ምን አደረገህ?»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከተቀመጠበት ተነሳ። «እኔ አይደለሁም፣ ኦቦ» አለ።

«ከሚሊሻው ጋር ታይተሃል።»

«ለመታወቂያ ነው። ወረቀቱ ይኸው። እኔ አይደለሁም።»

«አብረኸን ስትበላ ነበር። ገመቹ ወንድሜ ይልህ ነበር።»

ዳንኤል በመዳፉ ዓይኑን ጠረገ። ድምፁ ዝቅ አለ። «እኔ አይደለሁም» አለ።

ቀና ብዬ መጋረጃውን አየሁ። እናቴ አሁን ትወጣለች፣ ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ጎንበስ አልኩና ምስሬን ለቀምኩ። አንድ ድንጋይ አገኘሁ፤ አወጣሁት። ሌላ አገኘሁ።

«እስከ ነገ ውጣልኝ» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

በማግስቱ ፍራሹን ጠቅልሎ በገመድ አሰረ፤ ቱንቢውንና የሥራ ዕቃውን ባልዲ ውስጥ አደረገ። «ቡራዩ የሚሠራ ሕንፃ አለ አሉኝ፤ እዚያ እሄዳለሁ» አለ። እናቴ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችው። «እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ እህቴ። ከዚህ ግቢ ያመነኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። እኔን «ትምህርትሽን በርቺ» አለኝና ወጣ። እናቴ ገብታ በሩን ዘጋች። በቀጣዩ እሁድ ጸሎት ቤት ሰው ሁሉ ሲዘምር እሷ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ዘማሪ ነበረች፣ እናቴ።

ጥር ላይ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ፤ በሬዲዮ ተነገረ። መንገድ ላይ ሰው ሲያፏጭ፣ ሲጨፍር ተሰማ። ቤቱ አይፈርስም። ኦቦ ቶሌራ ጣውላው በተነሳበት ክፍል ዳር ላይ እግራቸውን ወደ አፈሩ አንጠልጥለው ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ቀረ አሉ» አሉኝ። «ታዱ፣ ቀረ አሉ።»

ከጎናቸው የተሰባበሩት ጣውላዎች ተከምረዋል። ከነሱ ውስጥ ገና ያልወጡ ብሎኖች ነበሩ። «ነይ እነዚህን እንፍታ» ሲሉኝ ሆዴን አመመኝ አልኩ። በሌላ ቀንም ጠሩኝ፤ የቤት ሥራ አለብኝ አልኩ። ሦስተኛ አልጠሩኝም። ትልቅ ሰው ሆኜ ስንት ነገር አጥፍቻለሁ፤ ያቺን ቀን ግን፣ ብቻቸውን አፈር ላይ ተቀምጠው ሲጠሩኝ ጥያቸው የሄድኩባትን ቀን፣ ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ገመቹ የተመለሰው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ፀጉሩ ተላጭቷል፤ አንገቱ ቀጥኖ ሸሚዙ ሰፍቶታል። በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ሰው ሲያናግረው ጭንቅላቱን ዘወር ያደርጋል። ሳምንት ሙሉ ስሸሸው ከረምኩ። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ከተሰባበሩት ጣውላዎች ብሎን ሲያወጣ አየኝ።

«ኢንጂነር! ነይ እንጂ። ይሄ ያንቺ እጅ ይፈልጋል።»

ሚስማሩን ሲያቀብለኝ ማልቀስ ጀመርኩ። «እኔ ነኝ» አልኩት። በቀኝ በኩል ስለቆምኩ ሰማኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ገና በመጀመሪያው ቀን ነገሩኝ እኮ። ‹የግቢያችሁ ልጅ ናት የነገረችን፣ ወለል ሥር ትደበቃለህ› ብለው ሳቁብኝ። እኔም ለብሎን ነው አልኳቸው።» ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ለአባ ብነግራቸው እናንተ የት ትሄዳላችሁ?»

«ዳንኤልን ግን አባረሩት።»

እጁ ላይ ያለው ካቻቢቴ ቆመ። «ዳንኤልን? አባ ሄደ ብቻ ነው ያሉኝ።»

«ባንተ ምክንያት ነው። እሱ የጠቆመ መስሏቸው።»

ገመቹ ተነሳና ወደ ውስጥ ገባ። በኦሮምኛ ሲያወራ ግማሹን ብቻ ሰማሁ፤ የኔን ስም፣ የዳንኤልን ስም። ኦቦ ቶሌራ ሲወጡ ካፖርታቸው አልነበረም፤ ያለ ካፖርት አይቻቸው አላውቅም፤ ትከሻቸው ያን ያህል ጠባብ መሆኑን አላውቅም ነበር። እኔን አልፈውኝ በቀጥታ ወደ እናቴ ሄዱ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

እናቴ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች። «አውቅ ነበር።»

«ሲወጣ ቆመሽ እያየሽ?»

«ፈራሁ፣ ኦቦ።»

«ማንን? ሚሊሻውን?»

«አንቱን» አለች እናቴ። «አንቱን ነው የፈራሁት።»

እናቴ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አቆሟት። በማግስቱ ጠዋት ካፖርታቸውን ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጅቷን ስጪኝ» አሏት። «የኔ ዓይን ደክሟል። እሷ ከሩቅ ትለየዋለች።»

መጀመሪያ ቡራዩ ሄድን። ዳንኤል የነገረን ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደርሷል። ዘበኛው አስታወሰው፤ «መዝሙረኛው? ከፋሲካ በኋላ ሄደ፤ ሱሉልታ ነው ያሉት» አለን። ሌላ ሚኒባስ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ሱሉልታ ስንደርስ ዝናብ አባርቶ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሯጮች ቱታ ለብሰው በመንገዱ ጠርዝ ያልፋሉ። ኦቦ ቶሌራ ጭቃውን በከዘራቸው እየወጉ ከአንዱ ግንባታ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ የልጅ ልጃቸው የሚሆን ሠራተኛ ሁሉ ፊት ቆመው ይጠይቃሉ።

«ዳንኤል የሚባል ግንበኛ ታውቃላችሁ? የወላይታ ልጅ ነው።»

«ዳንኤል ብዙ አለ፣ አባባ።»

በሦስተኛው ግንባታ ላይ አንዱ ወደ ላይ ተጣራ። «ዳኒ! ሰው ይፈልግሃል!» ከእንጨቱ መወጣጫ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶን መውረድ ጀመረ፤ ቁመቱ ልክ እሱን፣ ትከሻው እሱን ይመስላል። ኦቦ ቶሌራ አልጠበቁም። ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ሰውዬው ገና ሳይዞር፣ ከወገባቸው ጎንበስ አሉ። እኔ ፊቱን አየሁት። እሱ አልነበረም። ካፖርታቸውን ጎተትኩ፤ እሳቸው ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። ሰውዬው ግራ ገብቶት፣ «ምነው አባባ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ በሁለት እጁ ቀና አደረጋቸው።

ጫንጮ ሄዷል ያሉ ነበሩ። ወደ አገሩ ገብቷል ያሉም ነበሩ። ስልኩን የሚያውቅ አልተገኘም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ ተሳፈርን። የኋላ ወንበር ላይ ነበርን፤ የካፖርታቸው እርጥብ ሱፍ ክንዴን ይነካኛል። ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዳቦ ገዝተውልኝ ነበር፤ እሱንም እንደያዝኩት ነኝ።

መስኮቱን እያዩ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው፣ እንዲህ አሉ፦

«ሦስት ጊዜ ነው እኔ አይደለሁም ያለኝ። ስንት ጊዜ እንዲለኝ ነበር የፈለግሁት?»

ሦስቱንም ጊዜ እኔም ሰምቼው ነበር።